ዮሴፍ ግብፅ ላይ ምን በልቶ ኖረ?

ባለፈው እሁድ ከማኅሌተ ጽጌ ወጥተን አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ላይ ተቀምጠናል። ወሩ የስደቱ ወር ስለሆነ ጨዋታው ወዲያው ግብፅ ገባ። እመቤታችን፣ ሕፃኑ፣ ሰሎሜ፣ የበረሃው ጥም። ባንክ የሚሠራ አንድ ወጣት ከመሃል "ቆይ፣ ዮሴፍ እዛ ምን በልቶ ነው የኖረው?" ብሎ ጠየቀ። እውነት ለማወቅ ነው የጠየቀው።

ቡና የምታፈላው ሴት ቀለል አድርጋ መለሰችለት። "ሰብአ ሰገል ያመጡት ወርቅስ? አምላክ ስንቃቸውን ቀድሞ ልኮላቸው ነበር እኮ።" አብዛኞቻችን ራሳችንን ነቀነቅን።

"እንግዲያው ያኖራቸው ወርቁ ነዋ! ጸራቢነቱ ለመታወቂያ ያህል ነው" አለ ልጁ።

ይሄን ጊዜ ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ጋሼ አናጢ ናቸው። ከገጠር አዲስ አበባ ሲመጡ ጆንያ ውስጥ የነበራቸው አንድ መጋዝ፣ ሁለት መሮና አንድ መላጊያ ብቻ ነበር፤ በዚያ ነው አራት ልጅ ያሳደጉት። "ስደተኛ ወርቅ ይዞ ገበያ ሲወጣ ከየት አመጣኸው አይሉትም?" አሉ። "ይቀሙታል ወይ ያስሩታል። በር የሚጠግን ሰው ግን ቋንቋ ባይችልም ሥራ ያገኛል። የተሰበረውን ያሳዩታል፣ ይሠራዋል፣ ይከፍሉታል።"

"ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ታሪክ ነው እንጂ የዮሴፍ አይደለም። መጽሐፉ ላይ የለም።"

ልጁ ልክ ነው፣ የለም። አንዷ ደግሞ ዮሴፍ በእኛ ትውፊት አረጋዊ ነው፣ በዚያ ዕድሜ እንዴት ይሠራል አለች። ጋሼ ለዚህ ብዙም አልቆዩም። "ያረጀ አናጢ ከእንጨት ጋር አይታገልም፤ እንጨቱ ወዴት እንደሚሄድ አይቶ ነው የሚልገው" ብለው አለፉት።

ክርክሩ የጋለው ልጁ ወደ ራሳቸው ወደ ጋሼ ሲዞር ነው። ጋሼ በ21 እና በ29 ሱቃቸውን አይከፍቱም፤ እሁድማ አይነሳም። "ደንበኛ ለሰርጉ አልጋ አዝዞ ዛሬ በዓል ነው ሲባል ሌላ ጋ ይሄዳል። ይሄ እኮ ከልጆችዎ አፍ የሚወጣ ነው" አላቸው፤ ድምፁ ውስጥ ንቀት አልነበረም፣ የሚወዳቸው ሰው ነው። ጋሼ ዝም አሉ። የመለሱለት ባለቤታቸው ናቸው። "ጎድሎብን አያውቅም አልልህም ልጄ፤ ጎድሎብናል። የቤት ኪራይ ያሳደርንበት ወር አለ። ግን ልጆቼ አባታቸውን ቁጭ ብሎ ያዩት በእነዚያ ቀኖች ነው። ቤተ ክርስቲያን በእጁ ይዟቸው ሄዶ፣ አብሯቸው በልቶ። በሌላው ቀንማ ሰጋቱራ ለብሶ ሲመጣ ተኝተው ነው የሚያገኛቸው።"

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ወደ ሌላ ሄደ። እኔ ግን ቤት ገብቼ ወንጌል ገለጥኩ።

እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ፤ ምክንያቴም ይሄ ነው። ሕፃኑን ወደ መቅደስ ሲወስዱት ያቀረቡት መሥዋዕት በሉቃስ 2 እንደተጻፈው የወፍ ነው፣ ጥንድ ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት። ዘሌዋውያን 12 ላይ ይሄ ለጠቦት አቅም ለሌላት እናት የተፈቀደ ነው። ድሆች ነበሩ ማለት ነው። ወርቁ ከዚያ በኋላ ኑሯቸውን ለውጦት ቢሆን ኖሮ የናዝሬት ሰው ይረሳው ነበር? የገጠር ጎረቤት ከስደት ሀብት ይዞ የተመለሰን ሰው አይረሳም። እነሱ ግን ከስንት ዓመት በኋላ ጌታ በምኩራባቸው ሲያስተምር ያሉት "ይህ የጸራቢ ልጅ አይደለምን?" ነው፣ ማቴዎስ 13፥55። ማርቆስ ላይ ደግሞ ጌታን ራሱን ጸራቢው ይሉታል። ሊያሳንሱት ብለው የተናገሩት ነገር ያ ቤት በምን ይተዳደር እንደነበር ነገረን። ወርቁ ለመንገድ ረድቷቸው ይሆናል፤ የየቀኑ እንጀራ ግን ከዮሴፍ እጅ ነው የወጣው።

ስለ በዓሉም ቢሆን ሉቃስ በየዓመቱ ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ይወጡ ነበር ይላል። ከናዝሬት እዚያ ድረስ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ያውም በእግር፣ ቀናት የሚፈጅ መንገድ። መሄጃው፣ የበዓሉ ሳምንት፣ መመለሻው። የዕለት ጉርሱን በእጁ የሚያገኝ ሰው ይሄን ሁሉ ቀን መጋዙን ሰቅሎ ነበር ማለት ነው፣ በየዓመቱ፣ ቤተሰቡን ይዞ። ዮሴፍ በወንጌል አንድ ቃል ሲናገር አልተጻፈም። ይሄን ማድረጉ ግን ተጽፏል።

ለልጁ ይሄን በሚቀጥለው እሁድ አሳየዋለሁ። የዮሴፍ ዕረፍት ሐምሌ 26 ነው። ጋሼ የዚያን ቀን ይዘጉ እንደሆነ ሳልጠይቃቸው መጣሁ፤ እጠይቃቸዋለሁ።