«ትንሽ ደክሞት ነው»

ወገኖቼ፣ ዛሬ እንወቃቀስ። ከእኔ ልጀምር።

ባለፈው የካቲት አንድ ሌሊት አበልጄ ደወለልኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ቀን ፓርኪንግ ይሠራል፣ ማታ ኡበር ይነዳል። «ልጁ ሆስፒታል ገብቷል፣ ድረስልኝ» አለኝ። ልጁ 17 ዓመቱ ነው። ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ሐኪሟ በስልክ አስተርጓሚ ላስገባ አለች። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አባትየው አሻፈረኝ አለ። «የሚያስተረጉመው ሐበሻ አይደል? እሁድ ቤተ ክርስቲያን ባገኘውስ?» አለ። ተርጓሚው እኔ ሆንኩ።

ሐኪሟ ቀስ ብላ ተናገረች። ከባድ ዲፕረሽን ነው፣ ለወራት እንቅልፍ የለውም፣ ራሱን ለማጥፋት አስቧል አለች። እናቱን አየኋት። በሥራ ዩኒፎርሟ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ አፍ አፌን ታየኛለች። በእርግጥ የእኛው «ድብርት» ቃሉም ቀሎብናል፤ አውቶቡስ ሲዘገይም «ደበረኝ» እንላለን። ግን «መሞት አስቧል» የሚለውን ለመተርጎም ምን ቸገረኝ?

«ትንሽ ደክሞት ነው፣ ትምህርቱ በዝቶበት» አልኩ።

ልጁ አማርኛ መናገር አይወድም እንጂ አንድ ቃል አታመልጠውም። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አባትየው በእኔ ቃል ልቡ ሞላ። «ምን ጎደለህ? ጫማ ጎደለህ? እኔ በአንተ ዕድሜ በእግሬ ሱዳን ገብቻለሁ!» አለ። ሱዳን ላይ ያየውን ግን አንድም ቀን ለልጁ አውርቶለት አያውቅም። እሱም የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም፣ ምስኪን።

ይህ ልጅ ከ9 ዓመቱ ጀምሮ የባንኩን ደብዳቤ፣ የኪራዩን ውል፣ የእናቱን የስኳር መድኃኒት ሲተረጉም ነው ያደገው። እናቱን ማህፀኗን ሲያማት ለሐኪም የነገረው እሱ ነው፣ በ11 ዓመቱ፣ እያፈረ። አንድ ቃል አልቀነሰባቸውም። ተራው ሲደርስ እኔ ቀነስኩበት።

ምን ነካን? አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ በሁለት ቀን ገንዘብ እናዋጣለን። ለለቅሶ ማን ይችለናል! በሕይወት ያለ ልጅ «ጨነቀኝ» ሲል «ጥጋብ ነው» እንላለን። ጸበል ውሰዱት፣ እኔም እወስደዋለሁ፤ ከጸበል መልስ ግን ሐኪም ቤት አድርሱት። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለጨነቀውና ራሱን ለማጥፋት ላሰበ ሰው የተዘጋጀ የእርዳታ ስልክ አለ፤ 988 ከደወሉ ቀን ከሌሊት በአስተርጓሚም ጭምር ያነጋግራሉ። ቁጥሩን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። «ሰው ቢያየው?» ይየዋ!

በአራተኛው ቀን እናትየውን መኪናዬ ውስጥ አስቀምጬ እውነቱን ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። «ፊትህ ላይ አይቼው ነበር» አለችኝ። እሷም አውቃ ነው ዝም ያለችው።

ልጁ አሁን ቤቱ ነው። ሰላም ስለው በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል፣ ባጭሩ። አልፈርድበትም። አባቱ ዛሬም ለሰው «ትምህርት በዝቶበት» ነው የሚለው። በቀደም ግን ሥራ ላይ ሆኖ ደወለልኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ያ የስልኩ አስተርጓሚ፣ ከሌላ ስቴት ሊሆን ይችላል?»

«ሊሆን ይችላል» አልኩት።

«እንግዲያውስ ቀጠሮው ማክሰኞ ነው» አለኝ።