«ስፕሪንግ»ን የሚተረጉም ሰው ቃሊቲ ጋራዥ ይግባ

እንግሊዝኛ «ስፕሪንግ» የሚለውን አንድ ቃል ለወቅትም፣ ለውሃ ምንጭም፣ ተጨምቆ ሲለቀቅ ለሚፈናጠር ብረትም ይጠቀምበታል። ጣሊያንኛ ግን ይለያቸዋል። ወቅቱ ፕሪማቬራ፣ ምንጩ ሶርጀንቴ፣ ጥምዝምዙ ብረት ሞላ፣ ከጭነት መኪና ሥር ተደራርቦ የሚታሰረው ደግሞ ባሌስትራ ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ ጣሊያንኛ የሚመልስ ሰው ጽሑፉ ስለ ምን እንደሚያወራ ሳይገባው ከአራቱ አንዱን መምረጥ አይችልም።

ከአራቱ ሁለቱን ግን ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ መንገድ ዳር የሚሠራ መካኒክ ሁሉ ያውቃቸዋል። አሸዋ የጫነ ገልባጭ ወደ አንድ ጎኑ ካዘመመ ባሌስትራውን ያያል፤ የቤት መኪና ከሆነ ሞላውን። «ፕላግ»ም እንዲሁ ነው፤ ሞተሩ ላይ ሲሆን ካንዴላ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካው ሲሆን ስፒና። «ነት» ለእንግሊዙ የሚበላ ፍሬም ነው፤ ለእኛ መካኒክ ግን ብሎን ላይ የሚጠብቀው ዳዶ ዳዶ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው የደባለቀውን የጋራዥ አማርኛችን ከጣሊያንኛ ተውሶ ለይቶ አስቀምጦታል።

ይህ ሀብት ግን መማሪያ መጽሐፍ ላይ እምብዛም አይታይም። ተማሪው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በእንግሊዝኛ ይማራል፣ ለልምምድ ቃሊቲ ሲወርድ «ክሪኩን አምጣ» ይባላል፣ እዚያው ቆሞ ይቀራል። ለሦስት ዓመት ያነበበውን «ጃክ»፣ መኪና የሚያነሳውን መሣሪያ፣ እየጠየቁት መሆኑን የሚነግረው የለም። ተርጓሚው ደግሞ መዝገበ ቃላት ገልጦ የባሌስትራውን የእንግሊዝኛ ስም «ሊፍ ስፕሪንግ»ን ቃል በቃል «የቅጠል ምንጭ» ብሎ ቢያወጣው አይደንቀኝም።

ነገሩ የቃላት ውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ተጨምቆ የታሰረ ሞላ ትልቅ ኃይል አምቋል። በመጭመቂያ ሳይያዝ አሞርቲዛተሩ (የመኪናውን ንጥረት የሚያበርደው ዕቃ) ከተፈታ ተፈናጥሮ ፊት ሊመታ፣ እጅ ሊሰብር ይችላል። እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚያነበው ወጣት «ሞላ» የሚለውን ቃል እዚያ ማግኘት አለበት።

እነዚህ የወራሪ ቋንቋ ቃላት ናቸው፣ ከግእዝ የራሳችንን እናውጣ የሚሉ ወገኖች አሉ። ስሜታቸው ይገባኛል፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የሆነው የሚረሳ አይደለም። ግን ባሌስትራውን ዛሬ ፈትቶ የሚያስረው፣ በቃሉ ልጅ የሚያስተምረው፣ በቃሉ እንጀራ የሚበላው ኢትዮጵያዊ ነው። ጋራዥ ውስጥ ማንም የማይለው አዲስ ቃል ለዚህ ሰው ምን ይጠቅመዋል?

ጊዜውም እየጠበበ ነው። የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፣ ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው የፍሪሲዮን ፔዳልም የለውም። ሞላና ዳዶ ይቀጥላሉ፤ ካንዴላና ፍሪሲዮን ግን ከአንጋፋዎቹ መካኒኮች ጋር ጡረታ ሊወጡ ነው።

ስለዚህ ለሙያ ትምህርት የሚዘጋጅ መጽሐፍ ሁሉ የዕቃውን ሥዕል፣ የእንግሊዝኛውን ስምና የጋራዡን ስም ጎን ለጎን ያስቀምጥ። ይህን የሚሠራ ኮሚቴ ሲቋቋም የቋንቋ ምሁራን ብቻቸውን አይቀመጡ። የቃሊቲና የአቃቂ መካኒኮች ይጠሩ፣ ሥራ ፈትተው ለሚውሉበት ቀንም እንደ ምሁራኑ እኩል አበል ይከፈላቸው።