ዋንጫው ደብተር ላስነበበ ይሰጥልን

ባለፈው የቁጠባና ብድር ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ከጎኔ የተቀመጡ እናት ከነጠላቸው ጫፍ ደብተራቸውን ፈተው አወጡና «እስቲ ልጄ፣ ስንት ይላል?» አሉኝ። የቁጠባውን ነገርኳቸው። «ያኛውስ?» አሉ ወደ ዕጣው ዓምድ እየጠቆሙ። ዕጣ የማኅበሩ ባለድርሻ ለመሆን የሚከፈል መዋጮ እንጂ እንደ ቁጠባ የሚያወጡት ገንዘብ እንዳልሆነ ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለቱን ደምረው ለልጃቸው ሠርግ ሲያስቡት ኖረዋል። በዚያው ሰዓት ሊቀመንበሩ መድረክ ላይ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ያሳየናል። የተሸለምነው በካፒታል ዕድገት ነው። አጨበጨብን፤ እሳቸውም አጨበጨቡ።

ሽልማት አልጠላም። ቅር የሚለኝ የሚሸለመው ነገር ነው። እስካሁን ያየኋቸው የምስክር ወረቀቶች ይህን ያህል አባል አፈራ፣ ይህን ያህል ብር ቆጠበ፣ ይህን ያህል አበደረ ይላሉ። አባሉ ምን እንዳወቀ የሚጠይቅ የለም።

አሜሪካ ውስጥ የእኛዎቹን የሚመስሉ ክሬዲት ዩኒየን የሚባሉ ማኅበራት አሉ። ከሽልማቶቻቸው አንዱ በአልፎንስ ዴጃርዳን ስም የተሰየመ ነው፤ የሚሰጠውም ለወጣቶችና ለአዋቂዎች የገንዘብ አያያዝ ላስተማረ ነው። ከቀደምት የክሬዲት ዩኒየን አደራጆች አንዷ በነበረችው በዶራ ማክስዌል ስም ያለው ደግሞ ለአካባቢው ሕዝብ ውለታ ለዋለ። ዴጃርዳን ካናዳዊ ሲሆን የፓርላማ ክርክር እየመዘገበ ይተዳደር ነበር። አራጣ ሰው እንዴት እንደሚያራቁት ቢሰማ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1900 ሌቪ በምትባል ከተማ የሕዝብ የቁጠባ ተቋም መሠረተ። በመጀመሪያው የገንዘብ መሰብሰቢያ ቀን የገባው 26 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። በእኛ መስፈርት ቢመዘን ለምስክር ወረቀት እንኳ አይበቃም ነበር።

ደግሞ አሜሪካኖቹ ማኅበራቱን የሚያወዳድሯቸው በሀብታቸው መጠን መድበው ነው፤ ትንሹ ከትንሽ ጋር። እኛ ጋ ቢሆን ስንቱን ባቀለለ! የከተማ ሠራተኛ ቁጠባው ደመወዙ ሳይደርሰው ይቆረጣል። የጅሩ ገበሬ ግን ብር የሚያየው ጤፉንና ስንዴውን ወቅቶ ሲሸጥ ነው፤ የመንዟ እናት በግ ለበዓል ገበያ ስታወጣ። እነዚህን በአንድ ሰንጠረዥ አሰልፎ «አንደኛ» ማለት ምን ማለት ነው?

ስለ አካባቢ አገልግሎትም ለበዓል ዘይትና ዱቄት አድሎ ፎቶ መነሳት ብቻውን አያሸልምም እላለሁ። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል፣ ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ስትሞላ አይተናል። ቤቱ ለነደደበት ተበዳሪ የመክፈያ ጊዜ ያራዘመ ማኅበር ካለ፣ ዋንጫው የእሱ ነው።

ትምህርቱ ግን ይበልጥብኛል። ለሸዋ ሰው «ቆጥብ» ብሎ መስበክ ለመነኩሴ ጾም እንደማስተማር ነው፤ ዕቁብ እየጣለ ነው ያደገው። የሚጎድለው ስሌቱ ነው። 20,000 ብር በ15 በመቶ ለአንድ ዓመት ተበደሩ እንበል። ወለዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሙሉ ብድሩ ላይ ከታሰበ 3,000 ብር ይከፍላሉ። ዋናውን በየወሩ እኩል እየመለሱ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ከታሰበ ግን 1,625 ብር ነው። ሁለቱም «15 በመቶ» ይባላሉ! ይህን ልዩነት ሳያውቅ የሚፈርም ሰው ስንት ነው? ዋስ ሆኖ የሚፈርመውማ አይነሳ፤ «ለወዳጅ ነው» ብሎ ይፈርማል፣ ወዳጁ ሲጠፋ ከራሱ ደብተር ይቆረጣል።

የአሜሪካኖቹ ሽልማት በሚቀርብ ማመልከቻ ስለሚዳኝ ብዕሩ የሰላ ይቀድም ይሆን ብዬ እጠረጥራለሁ። እኛ ጋ ደግሞ ሪፖርት ማሳመር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ስለዚህ ዳኞቹ ቢሮ አይቀመጡ። ከመዝገቡ ላይ አሥር አባላት በዕጣ ያውጡ (የዚህኛውን ዕጣ ትርጉም ሁሉም ያውቀዋል)፣ የየራሳቸውን ደብተር ይስጧቸውና ይጠይቋቸው። ቁጠባህ ስንት ነው? ዕጣህስ? ዕዳህ ስንት ቀረ፣ ወለዱ እንዴት ይታሰባል? ዋስ የሆንክለት ሰው ባይከፍል ምን ይደርስብሃል? ማንበብ የማይችል አባል ካለ ደግሞ ማን እንደሚያነብለት ይጠየቅ። ብዙ የመለሱለት ማኅበር ካፒታሉ ስንትም ይሁን ይሸለም።

ማኅበራቱ ጊዜ የለንም እንደሚሉ አውቃለሁ፤ የሒሳብ ሠራተኛው አንድ፣ አባሉ ብዙ። አይዋጥልኝም። የዚያን ዕለት ጉባኤው ሲበተን እናትን ወደ ሒሳብ ሠራተኛዋ ይዣቸው ሄድኩ። ልጅቷ በአጀንዳው ወረቀት ጀርባ ሁለት ክብ ሠርታ፣ አንዱን ቁጠባ፣ አንዱን ዕጣ ብላ፣ የቱ መቼ እንደሚወጣ አስረዳቻቸው። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። እናት ወረቀቱን ተቀብለው ከደብተሩ ጋር አጣጠፉና «ምነው ታዲያ ልጄ፣ ስመዘገብ ብትነግሩኝ?» አሏት።