የደሴ ቡና ፈልቶ አያውቅም

ሽምደዳ ይለምልም! የፈተና ሰሞን ሲደርስ እንደሱ ያለ ጥበብ ከየት ይገኛል?

እሁድ እለት ደሴ እህቴ ቤት ቡና ልጠጣ ጎራ አልኩ። የ12ኛ ክፍል ልጇ ሾርት ኖቱን ይዞ፣ አይኑን ጨፍኖ፣ ሳሎኑን ይዞራል። «ማይቶኮንድሪያ ኢዝ ዘ ፓወር ሃውስ ኦፍ ዘ ሴል።» ምን ማለት ነው አልኩት። «ጋሼ፣ እሱ አይመጣም» አለኝ። ጎበዝ! አጠገቡ ቡሃቃው ውስጥ ሊጡ ኩፍ ብሏል። የሚነፋው ከእርሾው የሚወጣ ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው፤ የእንጀራው አይንም ከዚያ ነው የሚመጣው። ሾርት ኖቱ ላይ ግን የለማ።

እህቴ ከጓዳ «አንተ፣ ጀበናው ፈልቶ እንደሆን እስቲ እይልኝ» አለች። ልጁ ገጽ ገለጠ። «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል።»

ይህማ በዋዛ አይታለፍም። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ከዚያ በኋላ ብታነዱበት ይተናል እንጂ አይግልም። በሾርት ኖቱ ከሄድን እንግዲህ ጦሳ ተራራ ሥር ቡና ፈልቶ አያውቅም። አያቶቻችን የመረቁበት ሁሉ ጥሬ ነበር። ዱዓው ይደገም! ጀበናውን ከነረከቦቱ ተሸክመን ኮምቦልቻ እንውረድ። 94። አልበቃም። እጣኑን ማን ያዘ? ባቲ ደረስን። ሰኞ ከሆነ ገበያው አያሳልፈንም፤ ደግሞ የጨመረው ትንሽ ነው። ሚሌ፣ 98! ጎረቤት «ወላሂ ፈላ» ብትል አትስሟት፤ ሾርት ኖት አላነበበችም። ጅቡቲ፣ ባህሩ ዳር፣ 100! አቦሉን እዚያው ጠጡ። ለቶናው ሚሌ ላይ እንዳትቆሙ፣ አይፈላም። በረካው ያለው ፓስፖርት ላለው ብቻ ነው።

ቀልዱ ይቅርና ያናድደኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ድስትና ሩብ ሰዓት ነበር። ላብራቶሪው ግን ተቆልፏል፤ ማይክሮስኮፑ ከነካርቶኑ አቧራ ጠግቧል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኛም አፋችንን ሞልተን «የዘንድሮ ልጅ ሰነፍ ነው» አልን። ሙቀት ሳያስለኩት ያስሸመደዱት ልጅ ነው ሰነፉ?

ለነገሩ «ይቺ ትመጣለች፣ አስምሩባት» የሚለው አስጠኚ ይኑርልን። «ለምን?» ያለውን ተማሪ «ሰዓት አትግደልብን» ብሎ በአንድ ቃል ይፈውሰዋል።

ልጁ ሁሉንም ሰምቶኝ ትንሽ አሰበ። «እሺ ጋሼ፣ ምርጫው ላይ 92ም 100ም ቢኖር የቱን ላክብብ?»

እህቴ ሲኒውን እያቀበለችኝ አፈጠጠችብኝ።

«100ን» አልኩት። ፉት ስለው ጥሬው ቡና ምላሴን ላጠው።