ከሰባት ሰባተኛ

ዛሬ ይውጣልኝ። ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ባለፈው ሳምንት የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ፊት ቀርቤ ነበር። ከረዳት ፕሮፌሰር ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር። ፋይሌ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት አንድ ዓመት ከአራት ወር ሞልቶታል። ልጅ ቢሆን ኖሮ ቆሞ ይሄድ ነበር። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የጽሑፌን የመጀመሪያ ገጽ በእስክሪብቶ ይቆጥራሉ። የሚቆጥሩት የጸሐፊዎቹን ስም ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሰባተኛ ነህ።»

«አዎ» አልኩ ደስ እያለኝ።

«ከሰባት ሰባተኛ።»

«አዎ፣ የመጨረሻው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አንተ ምን ሠራህ?»

ድምፃቸው ውስጥ ክፋት የለም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ቅን ጥያቄ ነው የጠየቁኝ።

ለማታውቁ ላስረዳ። በሞሌኪውላር ባዮሎጂ የስም ተራ የራሱ ሕግ አለው። መጀመሪያ የሚጻፈው ላቦራቶሪ ውስጥ ቆሞ ሥራውን የሠራው ነው፤ ብዙ ጊዜ ተማሪ ነው። መጨረሻ የሚጻፈው ደግሞ ሐሳቡን ያመጣው፣ ገንዘቡን ለምኖ ያገኘው፣ ላቦራቶሪውን የሚመራው፣ ስህተት ከተገኘ አንገቱን የሚሰጠው ሰው ነው። መሃል ያሉት አጋዦች ናቸው። የእኛ ቤት የነጥብ ሰንጠረዥ ግን ከላይ ወደ ታች ይቀንሳል። አንደኛ ብዙ፣ ሁለተኛ ትንሽ አነስ ያለ፣ ሰባተኛ ፍርፋሪ። የሙሽራውን አባት ጥግ ላይ ስለተቀመጠ ብቻ ያልተጠራ እንግዳ ነው እንደማለት ነው። «ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ» የሚለውን ልጠቅስላቸው ብዬ ነበር፤ ሰብሳቢው ቀልድ የሚወዱ ስላልመሰሉኝ ዋጥኩት።

ሥራዬን ላስረዳ ስጀምር «ነጥቡ ላይ እናተኩር» ተባልኩ። እሺ። እነሱ ካልሰሙኝ እናንተ ስሙኝ።

ጤና ኬላ ሄዳችሁ ጣታችሁ ተወግቶ የሚደረገውን ፈጣን የወባ ምርመራ ታውቁታላችሁ። አንድ ጠብታ ደም፣ ሩብ ሰዓት ጥበቃ፣ ቀይ መስመር። ያ ኪት ፋልሲፓረም የሚባለውን የወባ ተውሳክ የሚያውቀው ተውሳኩ በሚለቀው ኤችአርፒ2 በሚባል ፕሮቲን ነው። አንዳንድ ተውሳክ ግን ያንን ፕሮቲን የሚያሠራውን ጂን ጥሎታል። ጂኑ ከሌለ ፕሮቲኑ የለም፤ ፕሮቲኑ ከሌለ ኪቱ «ወባ የለም» ይላል። ሰውየው ትኩሳቱን ይዞ ቤቱ ይገባል። ይህ ነገር መጀመሪያ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ ነው። ቆይቶ ኤርትራም እኛም ጋ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ምክንያት ኪቱ የሚያመልጠው ሕመምተኛ ከ5 በመቶ ካለፈ ኪቱ ይቀየር ይላል። እኔና ተማሪዎቼ የምንፈልገው ይህንን ነው። በእኛ አካባቢ ስንት ነው?

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ የምንፈልገው የሌለ ነገር ነው። ዲኤንኤውን ለይተን በምናይበት ጄል ላይ ባንድ የሚባለው መስመር ካልታየ ጂኑ የለም ማለት ሊሆን ይችላል። ወይም ዲኤንኤው ተበላሽቷል። ወይም ኢንዛይሙ ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ፀሐይ መቶት ሞቷል። ወይም ፒሲአሩ፣ ማለትም ዲኤንኤውን የምናባዛበት ሥራ፣ መሃል ላይ መብራት ሄዷል። ስለዚህ መጀመሪያ የተውሳኩን ሌላ ጂን አውጥተህ ዲኤንኤው ደህና መሆኑን ታሳያለህ። ከዚያ ትደግማለህ። ከዚያ ደግሞ ትደግማለህ። አንዲት «የለም» ለማለት ስንት ወር! ፕራይመር ብቻ፣ ማለትም ሁለት ብጣሽ ዲኤንኤ፣ ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ የውጭ ምንዛሪ ተጠብቆ፣ አምስት ወር ፈጅቶብኛል። ሌላ አገር ያሉ ወዳጆቼ ሰኞ አዘው ረቡዕ ይቀበላሉ። ሲነግሩኝ ተረት ይመስለኛል።

አንድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የግቢያችን ዘበኛ ናቸው። «ዶክተር፣ መብራት ከሄደ ቆየ፤ ጄኔሬተሩም እምቢ ብሏል። ያ ፍሪዘርህ እያለቀሰ ነው።» ማንቂያው ነው የሚጮኸው። ባጃጅ ለምኜ ደረስኩ። ማይነስ 80 መሆን የነበረበት ማይነስ 31 ይላል። በባትሪ ብርሃን ሳጥኖቹን አወጣን። ከጎረቤት ክሊኒክ የክትባት በረዶ ተበደርን። ጋሼ አንዱን የበረዶ ሳጥን እንደ ሠርግ ጠላ በትከሻቸው ተሸክመው፣ እኔ ሌላውን ታቅፌ፣ ጄኔሬተር ያለበት ሕንፃ ድረስ በጭቃ ሄድን። መንገድ ላይ ጠየቁኝ።

«ምንድን ነው ውስጡ?»

«ከ400 ሰው ደም የወጣ ዲኤንኤ ነው፣ ጋሼ። የታመሙ ሰዎች።»

ትንሽ ዝም ብለው «እና ሰዎቹ ዳኑ?» አሉኝ።

ስለ ሥራዬ እስከ ዛሬ ከተጠየቅኩት ሁሉ ደህናው ጥያቄ ይህ ነው። የዕድገት ቅጹ ላይ ይህች ሌሊት የምትገባበት ሳጥን የለም። ፈልጌያለሁ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ያንን ጽሑፍ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። በነዚያው ሦስት ዓመታት አንድ ባልደረባዬ አሥራ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ቅናት ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ትንሽ አለበት፣ አልዋሽም። ግን አሥራ አንዱን አንብቤያቸዋለሁ። አንድ መረጃ ነው። ወንዶቹ ለብቻ፣ ሴቶቹ ለብቻ፣ ክረምቱ ለብቻ፣ በጋው ለብቻ። አንዱን እንጀራ አሥራ አንድ ቦታ ጠቅልሎ አሥራ አንድ እንጀራ አቀረብኩ ማለት ነው። እሱን አልወቅሰውም። የሚቆጠረው ጥቅልል ከሆነ ሰው ይጠቀልላል።

ኮሚቴው ቀጥሎ የሄደው ወደ ኢምፓክት ፋክተር ነው። የጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር ስንት ነው? ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1955 ያነሣው ዩጂን ጋርፊልድ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች ዘንድሮ ስንት ጊዜ ተጠቀሱ፣ ሲካፈል ለጽሑፎቹ ብዛት። አለቀ። ለጆርናል የተሰፋ ልብስ ነው። እኛ አንሥተን ለሰው አለበስነው።

አማካይ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ እዩ። አክታ ክሪስታሎግራፊካ ኤ የሚባል፣ የክሪስታል አጥኚዎች ጆርናል አለ። ቁጥሩ 2 አካባቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ድንገት ወደ 50 ተተኮሰ። ምን ተአምር ተፈጠረ? ምንም። ከአንድ ዓመት በፊት ጆርጅ ሼልድሪክ ስለ ሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ ፕሮግራሙን የሚጠቀም ሁሉ እሱን ጠቀሰ። በዚያ ሰሞን እዚያው ጆርናል ላይ ያሳተመ ሌላ ምስኪን ባለ 50 ሆኖ አደረ። ከዕቁቡ አንዱ ሎተሪ ደረሰው ተብሎ ዕቁብተኛው ሁሉ ባለ ሎተሪ ሲባል አስቡት።

ሳይቴሽንስ፣ ማለትም ጽሑፍህ በሌሎች ስንት ጊዜ ተጠቀሰ የሚለውስ? እሱም ጉዱ ብዙ ነው። በዓለም ላይ በብዛት በመጠቀስ የሚታወቀው ጽሑፍ የእኛው ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ሎውሪና ባልደረቦቹ ፕሮቲን እንዴት እንደሚለካ የጻፉት፤ ከ300 ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ግን የበርበሬ ሚዛን ነው እኮ። ኔቸር የተባለው የሳይንስ ጆርናል እ.ኤ.አ. በ2014 መቶ በብዛት የተጠቀሱ ጽሑፎችን ሲደረድር የ1953ቱ የዋትሰንና የክሪክ የዲኤንኤ ቅርጽ ጽሑፍ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። የሙያችን እንጀራ የተጋገረበት ምጣድ መቶ ውስጥ የለም! እነሱም የእኛ ኮሚቴ ፊት ቢቀርቡ አንድ ገጽ ተኩል ጽሑፍ ይዘው «ነጥብ አይሞላም» ይባሉ ነበር።

የአሜሪካ የሴል ባዮሎጂ ሰዎች ራሳቸው ይህ ነገር መረራቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ስብሰባቸው ላይ ተነጋግረው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ የሚባለውን አወጡ። ሰው ስትቀጥሩም ሆነ ማዕረግ ስትሰጡ የጆርናሉን ቁጥር የጽሑፉ መለኪያ አታድርጉ ይላል። ይህን ለኮሚቴው ጠቀስኩ።

«እሱን ሴኔቱ አላጸደቀውም» ተባልኩ።

እሺ፣ ኤች ኢንዴክስ። ይህኛውን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሰው ነው። አምስት ጽሑፎችህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አምስት ጊዜ ከተጠቀሱ ኤችህ አምስት ነው። ሰውየው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ይህ መለኪያ ክፉኛ ሊከሽፍና ያልታሰበ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል ጽፏል። የፈጠረው ሰው ተጠራጥሮታል፤ የእኛ ቢሮ አልተጠራጠረም።

የእኔ ኤች ስንት ነው? እዚህ ላይ ሳቁ።

የአባቴ ስም በ«ጸ» ይጀምራል። በላቲን ፊደል አንዱ ጆርናል በቲኤስ ጻፈው፣ ሌላው በቲዜድ። የውጭ ሰው ደግሞ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ይመስለዋል፤ ስለዚህ የእኔን ስም ወደ አንድ ፊደል አሳጥሮ አባቴን ሙሉውን ይጽፈዋል። አንድ አርታኢ ደግሞ ገልብጦ የእኔን ስም የቤተሰብ ስም አደረገው። ውጤቱ? ስኮፐስ በሚባለው የምርምር ጽሑፎች መዝገብ ላይ ሁለት ሰው ሆኛለሁ። አንዱ በእኔ ስም፣ ኤች 5። ሌላው በአባቴ ስም፣ ኤች 3። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዕድሜ ልኩን ሲያርስ የኖረ ገበሬ ነው። ፊደል ሳይቆጥር አራት የሞሌኪውላር ባዮሎጂ ጽሑፍ አሳትሟል። ከግማሾቻችሁ ይበልጣል።

በዚያ ላይ የአባቱ ስም ከአባቴ ጋር አንድ የሆነ የወተት ላም አጥኚ አለ። የእሱ ሁለት ጽሑፎች እኔ ጋ መጥተዋል። ከኮሚቴው አንዷ በቅንነት «ስለ ወተት የጻፍከው ግን ጥሩ ሳይት ተደርጓል» አለችኝ። የእኔ አይደለም ስላት ያሳዘናት መሰለኝ። ኦርሲድ የሚባለው የተመራማሪ መለያ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አለ፤ የወጣልኝ ግን ከዚያ በኋላ ቆይቶ ነው። እባካችሁ ተማሪ የሆናችሁ፣ ዛሬውኑ አውጡ። በአማርኛ ስም የሚኖር ሰው ያለዚህ ቁጥር በሁለት ተከፍሎ ነው የሚሞተው።

ጓደኛዬ ሊያጽናናኝ «ካሪኮንም ከማዕረጓ ዝቅ አድርገዋት ነበር» አለኝ። ልክ ነው። ካታሊን ካሪኮ፣ ሥራዋ ለኮቪድ ኤምአርኤንኤ ክትባት መሠረት የሆነው ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ከሥራ ደረጃዋ ዝቅ ተደርጋለች፤ በ2023 ኖቤል ወስዳለች። ጥሩ ታሪክ ነው። ግን እኔ ኖቤል አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ተባባሪ የሚል ቃልና የሁለት ሺህ ብር ጭማሪ ነው። ለ28 ዓመት የሚከፈል የቤት ኪራይም የለኝም።

በየቀኑ ጠዋት ኢሜይሌን ስከፍት ደግሞ አንድ ፈተና ይጠብቀኛል። «ውድ የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ በአምስት ቀን ገምግመን እናትማለን፣ ክፍያው እንዲህ ነው።» እነሱ ብቻ ናቸው ፕሮፌሰር የሚሉኝ። አንዳንድ ቀን ጣቴ ይበላኛል። አላደረግኩትም፤ ያደረገውንም ሰው ግን እንደ ድሮው ለመናቅ አቅም አጥቻለሁ።

ውሳኔው ትናንት ደረሰኝ። የጽሑፎቼ ፎቶ ኮፒም አብሮ ተመልሷል። ሁሉም እኔ እንደሰጠሁት ነው፤ የስቴፕለሩ ሽቦ አልላላም፣ ሁለተኛው ገጽ አልተገለጠም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ ስሞቹ ጎን በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር አለ። ከእኔ ስም ጎን 7።

ደብዳቤው «የቀረበው የምርምር ውጤት ለማዕረጉ የሚያስፈልገውን ነጥብ ስላላሟላ...» ይላል። ይግባኝ ማለት እችላለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ይግባኙን ስጽፍ አደርኩ። ጠዋት መዝገብ ቤት ወሰድኩት። ልጅቷ ደብዳቤውንና ይግባኙን አስተያይታ መለሰችልኝ።

«ስሙ አይመሳሰልም» አለችኝ።

አየሁት። ደብዳቤው ላይ የአባቴን ስም በእንግሊዝኛ በኤስ ብቻ ነው የጻፉት። ሦስተኛ ሰው ሆኛለሁ። «መጀመሪያ ስሙን አስተካክለህ፣ ከዚያ ይግባኙን» አለች። ስሙን ለማስተካከል ደግሞ ለኮሚቴው ነው የሚጻፈው።