ሲወድቅ ራሱን የማያጠፋ ኩራዝ ለምን ይሸጣል?

በጎንደርም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች መኖሪያ ቤት ሲቃጠል፣ ከእሳቱ በኋላ የሚሰማው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ኩራዝ ወድቆ ነው፣ ሻማው ሳይጠፋ እንቅልፍ ጥሏቸው ነው፣ ልጅ ነካክቶ ነው ይባልና ነገሩ የጥንቃቄ ጉድለት ተብሎ ይዘጋል። የሚከተለው ምክርም ያው ተጠንቀቁ የሚል ነው። ምክሩን የሚነቅፍ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን እንቅልፍ የጣለውን ሰው፣ መዳህ የጀመረን ሕፃን ወይም የሚጥል በሽታ ኖሮበት ድንገት የሚወድቅን ሰው ተጠንቀቅ ብሎ ማዳን አይቻልም። ሰው መጠንቀቅ በማይችልበት ሰዓት ሥራውን ሊረከበው የሚገባው ዕቃው ነው። ስለዚህ ኩራዙን ማን ጣለው ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ የወደቀው ኩራዝ ለምን እየነደደ ቀረ ብለን ልንጠይቅ ይገባል ባይ ነኝ።

ኩራዝ ያለፈ ዘመን ዕቃ ነው የሚል ካለ መብራት በጠፋበት ምሽት በማራኪ ወይም በአዘዞ ሰፈሮች ዞር ዞር ብሎ ይመልከት። ቆጣሪ ያለው ቤት እንኳ ሻማና ክብሪት አያጣም። ከከተማው ወጣ ብለው በደምቢያና በወገራ የሚኖሩ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሳቸው ገበሬዎች ደግሞ ምርጫቸው ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም እስከ 2025 ድረስ ኤሌክትሪክን ለሁሉም ለማዳረስ ያለመ ነበር፤ በ2019 የወጣው ሁለተኛው ዕቅድም 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን በሶላርና ከመስመር ውጭ በሆኑ ሌሎች መንገዶች እንደሚያዳርስ አስቦ ነበር። የተቀጠረው ዓመት ደርሶም ላምባ ከገበያ፣ ኩራዝ ከቤት አልወጣም።

በጎንደር ስለዚህ ጉዳይ ሲነሣ የአብነት ተማሪዎችን መዝለል ተገቢ አይሆንም። በአቋቋም ትምህርቷ ስሟ ከተጠራው ከበአታ ጀምሮ አካባቢው የጉባኤ ቤቶች አገር ነው። በብዙ ጉባኤ ቤቶች የቆሎ ተማሪው የሚያድረው በሣር ክዳን ጎጆ ሲሆን፣ ትምህርቱ ሌሊትን የሚጠይቅ በመሆኑ ጧፍ ወይም ኩራዝ ከራስጌው አይርቅም። ጎጆዎቹ ተጠጋግተው ስለሚሠሩ አንዱ ከተያያዘ ሌላውን ማትረፍ አስቸጋሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲለምንና ሲማር ውሎ የደከመን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መብራትህን ሳታጠፋ እንዳትተኛ ማለት ቀላል ነው፤ ትእዛዙ እንዲፈጸም መጠበቅ ግን የዋህነት ነው።

ኩራዝ ሲገለበጥ የሚሆነውን በጥሞና ማየት ይጠቅማል። ንጹሕ ላምባ እንደ ቤንዚን ቶሎ የሚቀጣጠል ነዳጅ አይደለም። ከላዩ የሚነሣው ተን በእሳት ሊያያዝ የሚችለው ፈሳሹ ቢያንስ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሞቅ ነው፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል። ይህ ልዩነት በደጋው አየር ውስጥ ለላምባ ተጠቃሚ የሚያስተማምን ይመስላል፤ ሆኖም ላምባው የሚፈሰው ባዶ ሲሚንቶ ላይ አይደለም። ጋቢው፣ ፍራሹ፣ ጭዱ ወይም ጉዝጓዙ ላምባውን ሲመጥ ሥራው ልክ እንደ ኩራዙ ክር ይሆናል፤ ነዳጁን በስሱ ዘርግቶ ለነበልባሉ ያቀርበዋል፣ ነበልባሉም አጠገቡ ያለውን እያሞቀ ይሄዳል። ከቲማቲም ድልህ ጣሳ ወይም ከመድኃኒት ብልቃጥ የሚሠራው ኩራዝ ደግሞ ለዚህ አደጋ የተዘጋጀ ያህል ነው። ታቹ ጠባብ፣ ክብደቱ ቀላል፣ ክዳኑ የማይጠብቅ በመሆኑ በእጅጌ ከተነካ ይወድቃል፤ ከወደቀም ይፈሳል፤ እየፈሰሰም ክሩ ይነድዳል።

ወደ ቆላው ሲወረድ ሂሳቡ ይከፋል። የመተማ ሙቀት በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት ስላሉ፣ ጥላ የሌለው ቦታ የተቀመጠ ላምባ ገና ክብሪት ሳይነካው ተኑ ለመቀጣጠል የሚደርስበት ሙቀት ላይ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የባሰው ግን ነዳጅ በጠፋ ሰሞን በሃይላንድ ጠርሙስ የሚቸረቸረው ነገር ነው። ላምባ ውስጥ የገባ ጥቂት ቤንዚን ፈሳሹ የሚቀጣጠልበትን የሙቀት መጠን በእጅጉ ዝቅ ያደርገዋል፤ በዚያ ላይ ገዢው በዓይኑ ለይቶ ሊያውቀው አይችልም። እንዲህ ዓይነቱን ቅልቅል የትኛውም ብልህ መብራት ሙሉ በሙሉ አይመክተውም፤ እዚህ ላይ ተጠያቂው ሻጩና ተቆጣጣሪው ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ጉዳይ አዲስ አይደለም። እንግሊዞች በላምባ መብራት ቤታቸው በሚነድበት ዘመን የነዳጁን ጥራት በሕግ መመርመር ጀምረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1879 የወጣው ሕጋቸው ላምባ በየትኛው ሙቀት ላይ ተኑ እንደሚያያዝ የሚለካበትን የኬሚስቱን የፍሬድሪክ ኤብልን መሣሪያ መለኪያ አድርጎ ተቀብሏል። የመሬት መንቀጥቀጥ የማይለያት ጃፓን ደግሞ በላምባ የሚሠሩ የቤት ማሞቂያዎች ሲናወጡ ወይም ሲገለበጡ ራሳቸውን እንዲያጠፉ አድርጋለች። አሠራሩን ሳየው የሚገርመኝ ቅለቱ ነው። በውስጡ ሚዛኑን ጠብቆ የቆመ ትንሽ ክብደት አለ፤ ዕቃው ሲናወጥ ክብደቱ ከቦታው ይነቃነቅና የታሰረውን ሞላ ይለቀዋል፤ ሞላው ክሩን ወደ ታች ስቦ ከአየር ይለየዋል፤ ነበልባሉም በሰከንዶች ውስጥ ይሞታል። ባትሪ አያስፈልገውም፤ የሚያዝዘው ሰውም አያሻውም።

ለእኛ አቅም ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የስሪላንካው ነው። ዊጃያ ጎዳኩምቡራ የተባሉ የቀዶ ጥገና ሐኪም በቃጠሎ የተጎዱ ሰዎችን ሲያክሙ ብዙዎቹ በጠርሙስና በጣሳ ኩራዝ የተቃጠሉ መሆናቸውን አስተውለው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የማይገለበጥ ኩራዝ መሥራት ጀመሩ። መብራቱ አጭርና ከባድ ብርጭቆ ነው፤ እንዳይንከባለል ሁለት ጎኑ ዝርግ ተደርጓል፤ ክሩን የሚይዘው የብረት ክዳን ደግሞ በጥርስ ተሽከርክሮ ስለሚጠብቅ ቢወድቅም ላምባው አይፈስም። ለዚህ ሥራቸው በ1998 የሮሌክስ ሽልማትን አግኝተዋል። ይህ መብራት ራሱን አያጠፋም፤ ሆኖም እሳቱ የሚመገበውን ነዳጅ ይነፍገዋል። ሐኪሙ ቁስል ማሰሩን ሳይተዉ ጠርሙሱን ማስተካከላቸው ከሽልማቱ ይልቅ ክብር የሚገባው ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 180,000 ያህል ሰዎች በቃጠሎ እንደሚሞቱና አብዛኛው ሞት የሚደርሰው አነስተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሆነ ይገልጻል፤ በሐኪም ቤት ብቻ የሚቀነስ ቁጥር አይደለም።

በቅዳሜ ገበያ ቆርቆሮ ቀጥቅጠው ኩራዝ፣ ማንቆርቆሪያና ምድጃ የሚሠሩ እጆች ይህን መሥራት ያቅታቸዋል ብዬ አላምንም። ታቹን ሰፋ ማድረግ፣ ከሥሩ ጠጠር ወይም ሲሚንቶ ሞልቶ ማክበድ፣ ክዳኑን በጥርስ ማጥበቅ፣ የክሩን ቱቦ ላምባ እስከማያሳልፍ ድረስ ማጠጋጋት፣ ለአየር መግቢያ ግን የመርፌ ቀዳዳ ያህል መተው ለባለሙያ ከባድ አይደለም። ከዚያ አልፎ መብራቱ ሲያዘነብል በራሱ ክብደት በክሩ ላይ የሚደፋ ቆብ መግጠምም የሚሞከር ነው። እርግጥ ይህ የመጨረሻው ብዙ ፈተና ይፈልጋል። ማጥፊያው ከመጠን በላይ ፈጣን ከሆነ መብራቱን ከጓዳ ወደ ሳሎን ባነሡት ቁጥር ይጠፋል፤ ባለቤቲቱም ተማርራ ቆቡን በሽቦ ታስረዋለች። እንዲህ ከሆነ የደኅንነት ዕቃ ገዝታ ሳለ የምትጠቀመው በድሮው ኩራዝ ነው። ስለዚህ የከተማው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና የዩኒቨርሲቲው የምህንድስና መምህራን ለመመረቂያ ወረቀት የሚሆን ርዕስ ሲፈልጉ ከቆርቆሮ ሠሪዎቹ ጋር ተቀምጠው ስንት ዲግሪ ሲያዘነብል ይጥፋ የሚለውን ቢለኩ ጥሩ ነበር።

ሶላር እያለ ስለ ኩራዝ ምን አስጨነቀህ የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ትክክል ነው፤ ነበልባል የሌለው መብራት ከማንኛውም የተሻሻለ ኩራዝ ይበልጣል፤ አቅሙ ያለው ሰው ላምባን ዛሬውኑ ይሰናበት። ሆኖም ራስን የማጥፋት ጉዳይ በሶላርና በቻርጅ መብራትም አይቀርም። በእነዚህ መብራቶች ውስጥ የሚገኘው የተለመደው የሊቲየም ባትሪ ለአንድ ሕዋስ 4.2 ቮልት ሲደርስ ሞልቷል፤ ከዚያ በላይ ኃይል ከተጋተ ሊያብጥ፣ ሊግልና ሊነድድ ይችላል። ጥሩ መብራት ባትሪው ሲሞላ ኃይሉን የሚቆርጥ ትንሽ ሰሌዳ አለው፤ ርካሹ ላይ ግን ይህች ሰሌዳ ወጪ ለመቀነስ ስትቀር ከውጭ የሚታይ ምልክት የለም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሌሊቱን ሙሉ ፍራሽ ላይ ቻርጅ እየተደረገ የሚያድር የማይታወቅ መብራት ከኩራዝ በብዙ የተሻለ ነው ለማለት አልደፍርም።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ መብራትም ቢሆን ለአምራቹ ቸርነት የሚተው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሃሎጅን አምፖል ያላቸው ረጃጅም የወለል መብራቶች መጋረጃ ሲነካቸው ወይም ሲወድቁ ቤት ማቃጠላቸው በተደጋገመ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የሸማቾች ደኅንነት ተቋሙ 40 ሚሊዮን ያህል መብራቶች የሽቦ መከላከያ እንዲገጠምላቸው አስደርጓል። መጋረጃችሁን ሰብስቡ ብሎ ብቻ አላለፈውም። ዛሬ ብዙ የቤት ዕቃዎች ከልክ በላይ ሲግሉ ኃይሉን የሚቆርጥ፣ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ዝርግ ቁራጭ አላቸው፤ አንዱ ብረት በሙቀት ከሌላው ይበልጥ ስለሚለጠጥ ቁራጩ ይታጠፍና መስመሩን ይለያያል። እንደኛ መብራት ሲጠፋ ምጣዱና ካውያው መብራቱ ጋር የጠፋ በሚመስልበት አገር፣ ሌሊት ኃይል ሲመለስ ማንም ሳያየው የሚግለውን ዕቃ የሚያስቆመው ይህ ብቻ ነው።

ሕግ ማውጣት ብቻውን እንደማይበቃም መታወቅ አለበት። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ያለ ግፊት የሚሠሩ የላምባ ምድጃዎች ሲገለበጡ ራሳቸውን የማያጠፉ ከሆነ እንዳይሸጡ ደንብ አውጥታለች። ደንቡ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን መሥፈርቱን ያሟላው ምድጃ ውድ ሲሆን ያላሟላው ርካሽ ሆኖ በየሰፈሩ መሸጡ ቀጠለ፤ ድሃው ቤተሰብም በኪሱ ልክ ገዛ። እኛም ነገ ተነሥተን የጣሳ ኩራዝን ብንከለክል የምናተርፈው ቆርቆሮ ሠሪውን ማሳደድና ኩራዙን ወደ ጓሮ ማስገባት ነው። ይልቅ ሻል ያለውን ኩራዝ ከመጥፎው ጋር በተቀራራቢ ዋጋ ማቅረብ ይቅደም፤ ለዚህ ደግሞ እድሮቻችን የተሠሩ ያህል ናቸው። ቤት ለተቃጠለበት አባል ገንዘብ የሚያዋጣ እድር፣ ቤቱ ከመቃጠሉ በፊት መቶ ኩራዝ ወይም መቶ የሶላር መብራት በጅምላ ገዝቶ ለአባላቱ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ቢያከፋፍል ወጪው ከቀብርና ከድጎማ ያንሳል። ለጉባኤ ቤቶቹም የበጎ አድራጊው ምጽዋት ልብስና በሶ ብቻ ሳይሆን መብራትም ቢሆን የሚከፋው የለም።

ራሱን የሚያጠፋ ዕቃ ሰውን ያዘናጋል የሚለው ተቃውሞ ብዙም አያሳምነኝም፤ ኩራዙ ይጠፋልኛል ብሎ ሆነ ብሎ የሚጥል ሰው አይኖርም። የዕቃውን ድንበር ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ሲወድቅ የሚጠፋ ፋኖስ ሳይወድቅ የጋለውን ብርጭቆውን የሚነካ ልጅ እጁን ከመቃጠል አያድነውም፤ እየነደደ ላምባ የሚጨመርበትንም ኩራዝ አያቆመውም፤ ወደ መብራቱ ጫፉ የነፈሰን መጋረጃም አይመልሰውም። ለእነዚህ መብራቱ የሚቀመጥበት ከፍታና ቦታ፣ እንዲሁም አጥፍቶና አቀዝቅዞ መሙላት መተኪያ የላቸውም።

ገበያ ላይ ያለው ሁሉ እስኪሻሻል ድረስ ገዢው ራሱ ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ፈተና አለ። ኩራዙ ገና ባዶና ያልተለኮሰ ሳለ ግማሹን ውኃ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በጎኑ ጠረጴዛ ላይ ማስተኛትና ጥቂት መጠበቅ ነው። ከክዳኑ ዙሪያ ወይም ከክሩ ቱቦ ውኃ ከወረደ ላምባም ይወርዳል። ቆሞ ሳለም በጣት ገፋ ሲደረግ ምን ያህል አዘንብሎ እንደሚመለስ ይታያል። የሚገዛው የቻርጅ መብራት ከሆነ ሻጩን ባትሪው ሲሞላ ቻርጁን በራሱ ያቆማል ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ከገዙም በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጊዜያት ቀን ላይ፣ ሲሚንቶ ወይም ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ቻርጅ ማድረግና ከሞላ በኋላም እየጋለ መሆኑን በእጅ መዳሰስ ይገባል። ከሞላ ሰዓታት አልፈውት ገና የሚግል ከሆነ ወደ ሻጩ ይመለስ።