ምርምርም መዋጮ ይፈልጋል

ወገኖቼ፣ በመዋጮ አንታማም። አንድ ልጅ ታሞ ውጭ አገር ይታከም ሲባል ዕድሩም፣ ማኅበሩም፣ ጎፈንድሚውም ይንቀሳቀሳል። የመስማት ችግርን ለማከም የሚደረግ ምርምር ሲባል ግን ሁላችንም ኪሳችንን እንረሳለን። «እሱ የፈረንጅ ሥራ ነው» ብለን እናልፋለን። እረ ይብቃን!

በእያንዳንዱ ጆሯችን ውስጥ 15,000 ያህል ፀጉር መሳይ ሕዋሳት አሉ። ድምፅን ለነርቭ የሚያቀብሉት እነሱ ናቸው። ማጅራት ገትር፣ እንደ ጄንታማይሲን ያለ መርፌ፣ ከልክ ያለፈ ጩኸት ይገድላቸዋል። ሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ዶሮ ላይ ግን ይተካሉ! ይህ የታወቀው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ጫጩት የቻለችውን እኛ ለምን አቃተን? ይህን ለመመለስ አሜሪካ ያለው ሂሪንግ ሄልዝ ፋውንዴሽን የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት በ2011 (እ.ኤ.አ.) የተለያዩ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን አንድ ላይ አሰባሰበ። አንዱ ዶሮ፣ አንዱ ዓሣ፣ አንዱ አይጥ ያጠናል። ያገኙትን ይካፈላሉ። ወጪውን የሚሸፍነው በአብዛኛው የለጋሾች መዋጮ ነው።

በ2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ደግሞ የሻንጋይ ሐኪሞች ኦቶፍ የተባለው ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የሰውነት መመሪያ) ተበላሽቶባቸው መስማት ሳይችሉ ለተወለዱ 6 ልጆች ጤናማውን ጂን ጆሯቸው ውስጥ አስገብተው ያዩትን ውጤት ይፋ አደረጉ። 5ቱ መስማት ጀመሩ። ደስ ይላል፤ ግን ቶሎ አትፈንጥዙ። መስማት የሚያሳጡት ጂኖች ከመቶ በላይ ናቸው። አውሮፓ ውስጥ ዋናው ጥፋተኛ ጂጄቢ2 ነው፤ በአብዛኛው አፍሪካ ግን እሱ እምብዛም አይገኝም። ታዲያ የእኛን ማን ይፈልግልን? በጎረቤት ልክ የተሰፋ ልብስ ይሆነናል ብላችሁ ነው?

በነገራችን ላይ፣ መስማት የተሳነው ሁሉ «አድኑኝ» አላለም። በምልክት ቋንቋ ሙሉ ሕይወት የሚኖሩ ብዙ ናቸው፤ አትጨቅጭቋቸው። ልጁን ከሰው ደብቆ የሚያሳድገው ግን ይፈር።

ዲያስፖራ የሆናችሁ፣ ለአንድ ሠርግ የምታወጡትን ታውቁታላችሁ። ከዚያ ላይ በየወሩ ትንሽ ቆርጣችሁ ለምርምር ስጡ። አገር ቤት ያላችሁ፣ ተመራማሪ መጥቶ የቤተሰባችሁን የደም ናሙና ሲጠይቅ አስረዳን በሉት፤ ካሳመናችሁ ስጡት። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ደግሞ፣ እስክትጋበዙ አትጠብቁ፤ እናንተ ለተመራማሪዎቹ ጻፉላቸው።

ከመስጠታችሁ በፊትም ጠይቁ። የምትሰጧቸው ቤተ ሙከራዎች ውጤት ይካፈላሉ ወይስ ይደባበቃሉ? የአፍሪካ ቤተሰቦች ናሙና አላቸው? መልስ ከሌላቸው ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደሚመልሰው ሂዱ።